ለአሸዋ የተቀየረ ይሸለማል፣ ለጭቃ የተቀየረ ይታሰራል

የስፖርት ኳድ ሞተር ከፋብሪካ እንደወጣ የበረሃ አሸዋ ላይ ቢነዳ ብዙ አይርቅም። ይሰምጣል። ስለዚህ የአሸዋ ተወዳዳሪ ሞተሩን ገዝቶ መጀመሪያ የሚያደርገው መፍታት ነው። የኋላ ጎማዎቹን አውጥቶ መቅዘፊያ የመሰለ ክንፍ ባላቸው ጎማዎች ይተካቸዋል። የጎማውን ንፋስ ይቀንሳል፤ የላላ ጎማ ሰፋ ብሎ አሸዋው ላይ ይቀመጣልና። የፊቱን አክሰል ያሰፋል፣ አሞርዛተሮቹን ረጅም በሆኑ ይቀይራል፣ የካቴናውን ጥርስ ለዳገት እንዲመች ያደርጋል፣ የአየር ማጣሪያውን አቧራ እንዳይገባው ይሸፍናል። ዳገት የሚወጣበት ከሆነ ደግሞ የኋላ እግሩን የያዘውን ሹካ ያስረዝማል፤ የኋላ ጎማ ወደ ኋላ በራቀ መጠን የፊቱ ወደ ላይ አይነሳም።

ይህን ሁሉ ያደረገ ሰው ወንጀለኛ አይባልም። ባለሙያ ይባላል። ያማሃ ባንሺ የተባለው ባለ 347 ሲሲ ኳድ በአሜሪካ ገበያ የቆየው ከ1987 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬም በአሸዋ ተወዳዳሪዎች ዘንድ ተፈላጊ ነው፤ ፋብሪካው ስለሠራው ብቻ ሳይሆን፣ ጋራዥ ውስጥ ያሉ ሰዎች ለሃያና ለሠላሳ ዓመት ስለቀየሩት፣ ስላሻሻሉት፣ ደካማ ጎኑን ስላወቁት።

ኪራሙም ሞተር ይቀየራል። ለአሸዋ ግን አይደለም፤ ለጭቃ ነው። ለዋንጫም አይደለም፤ ለበቆሎ፣ ለሰሊጥ፣ ለታመመ ሰው ነው።

ምሥራቅ ወለጋን የሚያውቅ ሰው ቀዩን አፈር ያውቀዋል። ከነቀምት ወደ ሰሜን፣ ወደ ዓባይ ሸለቆ አቅጣጫ በሚወስደው አገር፣ ከዋናው መንገድ ወጥቶ ወደ ቀበሌዎቹ የሚገባ ሰው ከግንቦት እስከ ጥቅምት ከመንገድ ጋር ሳይሆን ከሊጥ ጋር ነው የሚታገለው። መኪና በማይገባበት ባለ ሁለት እግር ሞተር ይገባል። ግን እንደተገዛ አይገባም። ከህንድ ፋብሪካ የወጣው ቦክሰር የተሠራው ሁለት ሰው ይዞ አስፋልት ወይም ደህና ጠጠር ላይ እንዲሄድ ነው። በኪራሙ ዓይነት አገር ግን ኩንታል ይጫንበታል፣ ወንዝ ይሻገርበታል፣ ዳገት ይወጣበታል። ስለዚህ ሞተረኛው ብየዳ ቤት ይሄዳል።

ብየዳ ቤት የሚሠራውን ያየ ሰው የአሸዋውን ጋራዥ ሥራ ያስታውሳል። ጭቃ እየሞላ ጎማውን እንዳያስረው የፊቱ ፓራፋንጎ ከፍ ይደረጋል ወይም ይፈታል። የኋላ ጥርሱ በትልቅ ይቀየራል፤ ፍጥነት ይቀንሳል፣ ጉልበት ይጨምራል። ከአሞርዛተሩ ጎን ተጨማሪ ሞላ ይገባል። ከብረት ቱቦ ሰፊ ፖርቶመጋላ ይበየዳል። ዝናብ ሲበረታ የኋላ ጎማው ላይ ገመድ ወይም አሮጌ ካቴና ይጠመጠማል። የጎማው ንፋስም ይቀነሳል፤ ልክ እንደ አሸዋው፣ በዚያው ምክንያት።

በሁለቱ ቦታዎች የሚሠራው ፊዚክስ አንድ ነው። ልዩነቱ ያለው መንግሥት ጉዳዩን በሚያይበት ዓይን ነው።

በአሸዋው ዓለም የተቀየረ ሞተር ይፈተሻል። የዳካር ራሊ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሳዑዲ ዓረቢያ ሲካሄድ፣ ኳዶች እስከ 2024 ድረስ የራሳቸው ምድብ ነበራቸው፤ ከመነሻው በፊት የቴክኒክ ፍተሻ ያላለፈ አይሰለፍም። በካሊፎርኒያ የኢምፔሪያል አሸዋ ኮረብቶች ደግሞ ማንኛውም ሞተር ከመሬት 8 ጫማ፣ ማለትም 2 ሜትር ከ40 ገደማ ከፍ የሚል ባንዲራ ያለው ዘንግ ማቆም ግዴታው ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ከአሸዋው ጉብታ ማዶ የሚመጣው አይታይም፤ ሁለቱ ጫፍ ላይ ይጋጫሉ። ሰዎች ሞቱ፣ ምክንያቱ ታወቀ፣ ባንዲራ ታዘዘ። «አሸዋ ላይ መንዳት ክልክል ነው» አልተባለም።

እዚህ አገር ያለው አሠራር ሁለት መልክ ብቻ ነው፦ አላየሁም ማለት ወይም ማገድ።

አላየሁም የሚባለው በዓመታዊው ምርመራ ነው። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 የተሽከርካሪን ደኅንነት ለማረጋገጥ የወጣ ሕግ ነው። ሕጉ መጥፎ አይደለም። ችግሩ ከታች ያለው አሠራር ነው። ሞተረኛው ለቦሎ ሲሄድ ፖርቶመጋላውን ይፈታል፤ ማግሥቱን መልሶ ያስረዋል። መርማሪው የሚመረምረው በመንገድ ላይ የማይኖረውን ሞተር ነው፤ በመንገድ ላይ የሚኖረውን ሞተር ግን ማንም አይመረምረውም። ሁለቱም ወገኖች ይህን ያውቃሉ። ወረቀቱ ይሞላል፣ ማኅተሙ ይመታል፣ ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል። ታርጋ የሌላቸው ሞተሮች ደግሞ ከናካቴው ወደ ምርመራ አይመጡም።

ማገዱን ለማየት ከአዲስ አበባ መጀመር ይቻላል፤ አገሩ ሁሉ የሚማረው ከዚያ ነውና። በ2011 ሐምሌ መግቢያ ላይ የከተማዋ አስተዳደር፣ በሞተር ሳይክል ወንጀል እየተፈጸመ ነው ብሎ ፈቃድ ከሚሰጣቸው በቀር ሞተሮችን ከከተማዋ መንገድ አወጣ። በ2015 የካቲት መጨረሻ ደግሞ ባጃጆች በአንድ ጊዜ ታገዱ፤ ቆይተው በገደብ ተመለሱ። አንድ ሰው ሞተር ላይ ሆኖ ሰረቀ፤ ሞተር የያዘ ሁሉ ሥራ ፈታ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው።

አዲስ አበባ ሌላ መጓጓዣ አላት። አውቶቡስ አለ፣ ታክሲ አለ፣ ባቡር አለ፣ ቢጠፋ በእግር አስፋልት ላይ መሄድ አለ። ይህ አስተሳሰብ ተገልብጦ ሌላ መጓጓዣ በሌለበት ገጠር ላይ ሲጫን ግን ትርጉሙ ይለወጣል። በከተማ ሞተርን ማገድ ችግር ነው። በገጠር ሞተርን ማገድ መንገዱን ራሱን መዝጋት ነው።

እዚህ ላይ የሚነሳ ከባድ መከራከሪያ አለ፤ ሸፍኖ ማለፍም ነውር ነው። ኪራሙ ስሙ በዜና የሚነሳው በሞተር አይደለም፤ በደም ነው። በ2013 ነሐሴ በጊዳ ኪራሙ በታጣቂዎች ጥቃትና እሱን ተከትሎ በመጣ ብሔር ተኮር በቀል ከ210 በላይ ሰዎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ገልጿል። ከዚያም በኋላ አካባቢው አላረፈም፤ ኦሮሞውም አማራውም ቀብሯል፣ ሁለቱም ተፈናቅሏል። በእንዲህ ያለ አገር የሞተር ድምፅ ሌሊት ሲሰማ ልብ ይደነግጣል። የፀጥታ ኃላፊ «ሞተር ይቁም» ሲል ከባዶ ሜዳ ተነስቶ አይደለም።

ነገር ግን ጥያቄው ፍርሃቱ እውነት ነው ወይ አይደለም አይደለም። እገዳው ፍርሃቱን ያስታግሳል ወይ ነው። መሣሪያ ታጥቆ ጫካ የገባ ሰው የትራፊክ ደንብ አያከብርም። እገዳ የሚያከብረው ወፍጮ ቤት የሚሄደው፣ ገበያ የሚወጣው፣ የታመመ የሚያደርሰው ነው። በ2012 ክረምት ሳይገባ በወለጋ ዞኖች ስልክና ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ግጭቱ ከዚያ በኋላ አልቆመም። የቆመው የታመመው ዘመድ ጋ መደወል ነበር። ሕዝብን ከሕዝብ የሚያገናኝ ነገር ሁሉ በተዘጋ ቁጥር ቀድሞ የሚጎዳው ሰላማዊው ነው።

እንዲያውም ለፀጥታ የሚያስብ ሰው ተቃራኒውን ይፈልግ ነበር። የተመዘገበ፣ የታየ፣ ፖርቶመጋላው ላይ ቁጥር የተበየደበት ሞተር ከሩቅ ይለያል። ፈርቶ ቤት ውስጥ የተደበቀ፣ ታርጋው የተፈታ፣ በሌሊት ብቻ የሚወጣ ሞተር ግን ለማንም አይታወቅም። እገዳ የሚያመርተው ሁለተኛውን ዓይነት ነው።

ሁለተኛው መከራከሪያ የደኅንነት ነው። የተቀየረ ሞተር ይገድላል ይባላል። ይህ እውነት ነው፤ እዚህ ላይ ደግሞ ሞተረኛውና በያጁ ምርጥ ምርጡን ብቻ ሊሰሙ አይገባም። ከላይ የአሸዋው ባለሙያ የኋላ ጎማውን ወደ ኋላ እንደሚያርቅ ተጠቅሷል፤ ክብደቱ ከሁለቱ ጎማዎች መሐል እንዳይወጣ ነው። የእኛ ብየዳ ቤት የሚያደርገው የዚህን ግልባጭ ነው። ጎማውን ባለበት ትቶ ፖርቶመጋላውን ወደ ኋላ ያስረዝማል። ጭነቱ ከኋላ ጎማ አልፎ ይንጠለጠላል። ዳገት ላይ የፊት ጎማው ይቀልላል፣ መሪው ይሞታል፣ ሞተሩ በኋላው ይቀመጣል። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ጉልበት እንጂ ፍሬን አልተጨመረም፤ ለሁለት ሰው የተሠራ ፍሬን ሁለት ኩንታልና ሁለት ሰው እንዲይዝ ይጠበቃል። የፖርቶመጋላውን እግር ለመበየድ ሻንሲውን የሚቀዳ ብየዳ ቤትም አለ፤ የዚያ ሞተር አጥንት ከዚያ ቀን ጀምሮ ተሰብሯል፣ የሚታወቀው ግን በወንዝ መሐል ነው። ሄልሜት ሳያደርጉ ሦስትና አራት ሆኖ መሄዱ ሳይነሳ ነው።

ይህ ሁሉ ስህተት ነው። የስህተቱ ምንጭ ግን ምንድን ነው? በያጁ ደደብ ስለሆነ አይደለም። በአሸዋው ጋራዥ ያለው ሰው ክብደት የት ማረፍ እንዳለበት የሚያውቀው፣ ስህተቱን በፍተሻ ላይ የሚነግረው ሰው ስላለ፣ ከሌላው ተወዳዳሪ ጋር በግልጽ ስለሚነጋገር፣ ሥራውን ስለማይደብቅ ነው። በኪራሙ ያለው በያጅ ሥራው ክልክል ነው። ክልክል የሆነ ሥራ አይጠየቅም፣ አይታረምም፣ አያድግም። አንድ የመካኒክ መምህር በግማሽ ቀን ሊያስተምረው የሚችለውን ነገር፣ «ጭነቱ ከኋላ ጎማ እንብርት አይለፍ» የምትለውን አንዲት ዓረፍተ ነገር፣ እስከ ዛሬ የነገረው የለም። ጉዳዩን ሕገ ወጥ አድርጎ የሸሸው መንግሥት፣ ስህተቱ ሰው ሲገድል «አላልኩም?» ለማለት መብት የለውም።

ለደኅንነት ሲባል የታገደ ነገር በዓለም ላይ የለም ወይ? አለ፤ እሱም ትምህርት አለው። በአሜሪካ ባለ ሦስት እግር የመዝናኛ ሞተሮች በቀላሉ እየተገለበጡ ብዙ ሰው፣ በተለይም ብዙ ልጅ ጎዱ። በ1988 እ.ኤ.አ. አምራቾቹ ከመንግሥት ጋር በፍርድ ቤት በጸደቀ ስምምነት የባለ ሦስት እግሩን ሽያጭ አቆሙ። ግን የታገደው የሚገለበጠው ቅርጽ እንጂ ሞተር መንዳት አልነበረም። ባለ አራት እግሩ ቀጠለ። ዛሬ አሸዋ ላይ የሚወዳደረው ኳድ ቦታውን የያዘው እንዲህ ነው። እገዳ መረጃ ይዞ ሲመጣ፣ ምን እንደሚከለክል ለይቶ ሲመጣ፣ ሌላ መንገድ ትቶ ሲመጣ ይከበራል። በደፈናው ሲመጣ ግን ፍሬ አልባ ቁጣ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ይህ ጉዳይ የሞተረኛ መብት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል መጻፍ ባላስፈለገ ነበር። ጉዳዩ ምጥ የያዛት እናት ናት።

በወሊድ ጊዜ እናቶች ለምን እንደሚሞቱ ያጠኑ ባለሙያዎች ሦስት መዘግየቶችን ይቆጥራሉ። አንደኛው ቤት ውስጥ ለመወሰን መዘግየት ነው። ሁለተኛው መንገድ ላይ መዘግየት ነው። ሦስተኛው ጤና ተቋም ከደረሱ በኋላ እርዳታ ለማግኘት መዘግየት ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100,000 በሕይወት የሚወለዱ ሕፃናት አንጻር 412 እናቶች እንደሚሞቱ አስልቷል። በዚያው ጥናት በጤና ተቋም የወለዱት 26 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ተሻሽሏል፤ ጤና ኤክስቴንሽኖች አንደኛውን መዘግየት ለመቀነስ ብዙ ደክመዋል። ሁለተኛውን ግን ምክር አይቀንሰውም። መንገድ ነው የሚቀንሰው፤ መንገዱ ካልተሠራ ደግሞ በመንገዱ የሚሄድ ነገር።

አምቡላንሱ ወረዳው ከተማ ላይ ቆሟል። ጭቃው ጋ ሲደርስ ይቆማል። ከዚያ ወዲያ ያለው ቃሬዛ ነው፤ ስምንት ጎረምሳ እየተቀያየረ የሚሸከመው። ጎረምሶቹ የተፈናቀሉበት ቀበሌ ከሆነ ደግሞ ቃሬዛውም የለም።

በማላዊ ይህንኑ ችግር በሞተር ለመፍታት ሞክረው ውጤቱን መዝግበዋል። በማንጎቺ አውራጃ እ.ኤ.አ. በ2001 እና በ2002 ሦስት የገጠር ጤና ጣቢያዎች ጋ የታማሚ መተኛ የተገጠመላቸው ሦስት ሞተሮች ተመደቡ። በ2008 የታተመው ጥናት እንዳሳየው፣ እናቶችን ወደ ሆስፒታል ለማድረስ የሚባክነው ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ተኩል ቀንሷል። የአንዱ የሞተር አምቡላንስ መግዣ ዋጋ ከመኪናው በ19 እጥፍ ያነሰ ነበር፤ ዓመታዊ ማንቀሳቀሻውም በ24 እጥፍ ገደማ። ይህ ከሰማይ የወረደ ቴክኖሎጂ አይደለም። የተቀየረ ሞተር ነው። ጭነቱ የት እንደሚያርፍ የሚያውቅ ሰው አስቦበት የቀየረው ሞተር።

«መንገዱ ይሠራ እንጂ ሞተር ምን ያደርጋል?» የሚሉ አሉ። ልክ ናቸው፤ መንገዱ ይሠራ። ቀበሌዎችን ሁሉ ክረምት ከበጋ በሚያገለግል መንገድ ለማገናኘት የታቀደው የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ከተጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ብዙ ቦታ መንገድ ገብቷል፤ ብዙ ቦታ ደግሞ የተጠረገው መንገድ በሁለት ክረምት ተመልሶ ጭቃ ሆኗል። ግጭት ባለበት አገር ግሬደር አይገባም። መንገዱ እስኪሠራ ምጥ አይጠብቅም። መንገድ ይሠራ ማለትና እስከዚያው ሞተር ይስተካከል ማለት የሚጋጩ ነገሮች አይደሉም፤ የሚጋጩ የሚመስሉት አንዱንም ለማይሠራ ሰው ነው።

ምን ይደረግ? የሚጠየቀው ነገር ብዙ ገንዘብ አይፈልግም።

አንደኛ፣ የተፈቀዱ ማሻሻያዎች አጭር ዝርዝር ይውጣ፤ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም፣ በሥዕል ጭምር። ፖርቶመጋላ ይፈቀዳል፣ ርዝመቱ ከዚህ አይበልጥም። ተጨማሪ ሞላ ይፈቀዳል። ጥርስ መቀየር ይፈቀዳል፣ ፍሬኑ አብሮ ከታየ። ሻንሲ መቁረጥ ክልክል ነው። አንድ ገጽ ይበቃል።

ሁለተኛ፣ ምርመራው ሞተሩ ወዳለበት ይሂድ። የገበያ ቀን መርማሪ ወረዳው ላይ ቢቀመጥ በአንድ ቀን የሚያየው ሞተር ዞን ላይ በወር ከሚያየው ይበልጣል። ሞተሩንም የሚያየው ከነፖርቶመጋላው ነው።

ሦስተኛ፣ በያጁ ይመዝገብ፤ የሠራው ብረት ላይ ቁጥሩን ይምታ። ብረቱ ሲሰበር ማን እንደበየደው ይታወቃል። ስሙ ሥራው ላይ ያለ ሰው ተጠንቅቆ ይሠራል። የፀጥታ አካሉም የሚፈልገውን መረጃ ያገኛል።

አራተኛ፣ ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ነቀምት ላይ ተቀምጧል፤ መሐንዲሶች ያስመርቃል። ነቀምት ውስጥ የቴክኒክና ሙያ ሠልጣኞችም አሉ። በየዓመቱ ለመመረቂያ የሚሠራው ሥራ አንዱ ክፍል ለቀይ አፈር የሚሆን የታማሚ መተኛ ያለው ሞተር መሥራትና መፈተን ቢሆን፣ ወረቀቱ መደርደሪያ ላይ አቧራ ከሚጠጣ ጤና ጣቢያ በር ላይ ይቆም ነበር። ለመፈተኛ የሚሆን ጭቃ ወለጋ ውስጥ አይጠፋም።

እነዚህን አራት ነገሮች ለማድረግ አዲስ ሚኒስቴር አያስፈልግም። የሚያስፈልገው አንድ ነገር ማመን ብቻ ነው፦ ሞተሩን የቀየረው ሰው ሕግ ለመጣስ አልቀየረውም። መንገዱ ስለማያሳልፈው ነው የቀየረው። መንገዱን ያልሠራው አካል፣ ለመንገዱ ሞተር የሠራውን ሰው ለመቅጣት እጁን ከማንሳቱ በፊት ትንሽ ሊያፍር ይገባል።

አሸዋው ላይ ያለው ሰው ሞተሩን የሚቀይረው ለደስታው ነው፤ ደስታውን ማንም አይንፈገው። ለዚያ ደስታ ደንብ ወጥቷል፣ መርማሪ ተመድቧል፣ የባንዲራው ቁመት ሳይቀር በጫማ ተለክቷል። ኪራሙ ላይ በዚያው ሙያ፣ በዚያው ፊዚክስ፣ ምጥ የያዛት ሴት ትጫናለች። የእሷን መተኛ ርዝመት ግን እስከ ዛሬ የለካው የለም።